ከሁለተኛው አብልጦ የራቀው ማን ነው? ስለ ስፖርት የበላይነት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስፖርት ወዳዶች በተገናኙበት ሁሉ ይህ ክርክር አይቀርም። አንዱ ቦልት ይላል፣ ሌላው ፌልፕስ ይላል። ሦስተኛው መጥቶ ሜሲን ሲያነሳ ነገሩ ይጦፋል። እኔ ይህን ክርክር ከልቤ እወደዋለሁ። ብዙ ጊዜ የሚነሱትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤ የማምንበትን መልስ ጽፌያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የበላይነትና ምርጥነት አንድ አይደሉም እንዴ?

አይደሉም። ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ምርጡ ማን ነው ስንል ስለ ችሎታ፣ ስለ ጨዋታ ውበት፣ በትልቅ ቀን ስለሚታይ ወኔ እናወራለን። አንዳንዴም የምናወራው ስለ ራሳችን ፍቅር ነው። የበላይነት ግን ጠበብ ያለ ጥያቄ ነው። አንድ ስፖርተኛ በራሱ ስፖርት፣ በራሱ ዘመን፣ አብረውት ከሚወዳደሩት ምን ያህል ርቆ ሄደ? በቃ፣ ይኸው ነው።

ስለዚህ ሰው ስም ሲጠራልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው "ሁለተኛው ማን ነበር?" ብዬ ነው። ዋንጫውን ቆጥሮ የመጣ ሰው ይህን ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። መልሱ ያለው ግን እዚያ ነው።

ርቀቱ በምን ይለካል? ሰከንድን ከጎል ጋር ማወዳደር ይቻላል?

በቀጥታ አይቻልም። ዩሴን ቦልት በ2009 በርሊን ላይ 100 ሜትርን በ9.58 ሰከንድ ሮጠ። ከእሱ ቀጥለው የሚመጡት ታይሰን ጌይና ዮሃን ብሌክ ናቸው። የሁለቱም ምርጥ ሰዓት 9.69 ነው። ልዩነቱ 0.11 ሰከንድ ብቻ ነው። በመቶኛ ቢሰላ ከአንድ ብዙም አያልፍም። ይህን ያየ ሰው "ታዲያ ምኑ ነው የበላይነት?" ሊል ይችላል።

ግን እስቲ ከኋላ ያሉትን እንያቸው። በታሪክ ሁለተኛ ከሆነው ሰዓት እስከ አሥረኛው ድረስ ያለው ርቀት ከ0.11 ያነሰ ነው። በዓለም ላይ የታዩት ፈጣን ሰዎች ሁሉ በዚያች ጠባብ ቦታ ተጨናንቀው ቆመዋል። ቦልት ብቻውን ከፊት ነው። የስፖርቱን ርቀት በስፖርቱ መስፈሪያ መስፈር ማለት ይህ ነው። የሰው እግር ከዚህ በላይ ብዙ ሊፈጥን አይችልም። ክሪኬት ወይም ሆኪ ላይ ግን ለነጥብ እንዲህ ያለ ግድግዳ የለም።

ታይገር ዉድስን ደግሞ ውሰዱ። በጎልፍ ጥቂት መትቶ የጨረሰ ነው የሚያሸንፈው። በ2000 በፔብል ቢች በተካሄደው የዩኤስ ኦፕን ታይገር በ15 ምት ልዩነት አሸነፈ። እሱ ለሜዳው ከተመደበው የምት ቁጥር 12 አሳንሶ ጨረሰ። ከተመደበው ቁጥር በታች የጨረሰ ሌላ ሰው አልነበረም፤ ሁለተኛ የወጡት እንኳ 3 ምት አሳልፈው ነው የጨረሱት። ሜዳው ለሁሉም ከባድ ነበር፣ ለአንድ ሰው ብቻ ግን እጅ ሰጠ።

ከርቀቱ ቀጥሎ ሁለት ነገር አያለሁ። አንደኛ፣ ይህ ርቀት ስንት ዓመት ቆየ? ሁለተኛ፣ የሚያሳድዱት ሰዎች እነማን ነበሩ? ከዚህ በላይ መስፈርት መደርደር አልወድም። መስፈርት ሲበዛ ሁሉም ሰው የሚወደውን ስፖርተኛ አሸናፊ ያደርግበታል።

ክሪኬት አይቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ዶን ብራድማንን የሚጠራው ለምንድን ነው?

በአንድ ቁጥር ምክንያት። 99.94።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ላስረዳ። በክሪኬት መቺው ኳስ እየመታ ነጥብ ያስቆጥራል፤ ከጨዋታ እስኪወጣ ድረስም ይቀጥላል። በሕይወቱ ያስቆጠረው ነጥብ በሙሉ፣ ከጨዋታ በወጣበት ጊዜ ብዛት ሲካፈል የመቺው አማካይ ይገኛል። ቴስት በሚባለው፣ አገር ከአገር ለቀናት በሚጫወቱበት ትልቁ ውድድር አማካዩ 50 የደረሰ መቺ ታላቅ ይባላል። 60 ያለፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አውስትራሊያዊው ብራድማን በ1928 ጀምሮ በ1948 ሲጨርስ አማካዩ 99.94 ነበር።

"ያኔ መጫወቻ ሜዳው ቀላል ነበር፣ ኳስ ወርዋሪዎቹም ደካሞች ነበሩ" የሚል ክርክር ይነሳል። ጥሩ ክርክር ነው፣ ግን አብረውት የተጫወቱትን ስታዩ ይፈርሳል። በዚያው ዘመን፣ በእነዚያው ሜዳዎች ላይ የእንግሊዝ ታላላቅ መቺዎች ዋሊ ሃሞንድና ሌን ሃተን ነበሩ። የሃሞንድ አማካይ 58.45፣ የሃተን 56.67 ነው። ከኋላው የመጡት ትውልዶች ሁሉ የሚሰለፉት ከእነዚህ ሁለት ሰዎች አካባቢ ነው። ብራድማን ብቻ 40 ነጥብ ርቆ ተቀምጧል። ዘመኑ ቀላል ቢሆን ኖሮ ለሃሞንድም ይቀልለት ነበር።

የመጨረሻ ጨዋታው ታሪክ ደግሞ ሁልጊዜ ሆዴን ያባባዋል። ነሐሴ 1948 ለንደን ውስጥ ኦቫል በሚባለው ሜዳ ሲገባ አማካዩ ልክ 100 ሆኖ እንዲያልቅ የሚያስፈልገው 4 ነጥብ ብቻ ነበር። ተመልካቹ ቆሞ አጨበጨበለት። ኤሪክ ሆሊስ የወረወረው ሁለተኛ ኳስ አስወጣው። ዜሮ። ስሌቱን ራሳችሁ ሥሩት። 6,996 ነጥብ ለ70 ሲካፈል 99.94 ነው። 7,000 ቢሆን ኖሮ ድፍን 100 ነበር። እኔ ግን ይህ ቁጥር እንዲህ ጎደሎ ሆኖ መቅረቱን እወደዋለሁ። 100 ቢሆን የተቀመመ ይመስል ነበር። 99.94 ግን እውነተኛ ሰው የኖረው ነው።

በመካከል ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምርጥ ዓመታቱን እንደበላበትም አትርሱ። ከ1938 በኋላ ወደ ቴስት የተመለሰው በ1946 ነው።

ዌይን ግሬትስኪስ?

ከብራድማን አጠገብ ከማስቀምጣቸው አንዱ እሱ ነው። በሰሜን አሜሪካው የበረዶ ሆኪ ሊግ 894 ጎል አስቆጥሮ 1,963 ጎል አቀብሏል። ድምሩ 2,857 ነጥብ ነው። አሁን ልብ በሉ። በታሪክ ሁለተኛው ያሮሚር ያገር ነው፤ ጎሉና ያቀበለው ተደምሮ 1,921 ነው። ግሬትስኪ በሕይወቱ አንድም ጎል ባያስቆጥር እንኳ፣ ባቀበለው ብቻ አንደኛ ይሆን ነበር ማለት ነው።

የጎል ሪከርዱን አሌክሳንደር ኦቬችኪን በሚያዝያ 2025 ሰበረበት። የጠቅላላ ነጥቡ ሪከርድ ግን ወደፊትም የሚደፈር አይመስለኝም። ሊጉ የእሱን 99 ቁጥር ማልያ በሁሉም ቡድን ውስጥ ማንም እንዳይለብሰው ያደረገው በከንቱ አይደለም።

ሳይሸነፍ ረጅም ጊዜ የቆየው ማን ነው?

ይህ ጥያቄ ብዙ ያልተነገረላቸውን ሰዎች ያወጣል። ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ኤስተር ቨርጊር የኔዘርላንድስ የዊልቸር ቴኒስ ተጫዋች ነበረች። በጥር 2003 ሲድኒ ላይ በዳንኤላ ዲ ቶሮ ተሸነፈች። ከዚያ በኋላ በነጠላ ጨዋታ አልተሸነፈችም። በየካቲት 2013 ጨዋታ ማቆሟን ስታሳውቅ 470 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፋ ነበር። አሥር ዓመት ሙሉ! ከ2000 እስከ 2012 በአራት ፓራሊምፒክ የነጠላ ወርቅ ወስዳለች። በቀላሉ ነበር የምታሸንፈው ብላችሁ እንዳታስቡ። በቤይጂንግ 2008 የፍጻሜ ጨዋታ ላይ የአገሯ ልጅ ኮሪ ሆማን ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ብቻ ቀርቷት ነበር። ቨርጊር ከዚያ ጉድጓድ ወጥታ ወርቁን ወሰደች። ለእኔ የእሷ ታላቅነት ጎልቶ የሚታየው ከ470ው ቁጥር ይልቅ በዚያች አንድ ነጥብ ላይ ነው።

በ400 ሜትር መሰናክል ኤድዊን ሞዘስ አለ። በነሐሴ 1977 በርሊን ላይ በሃራልድ ሽሚት ተሸነፈ። ቀጥሎ የተሸነፈው በሰኔ 1987 ማድሪድ ውስጥ በዳኒ ሃሪስ ነው። በመካከል 122 ውድድር ሮጦ 122ቱንም አሸነፈ። ፊዚክስ የተማረ ሰው ነበር፤ ሩጫውንም እንደ ስሌት ነው የያዘው። ከመሰናክል እስከ መሰናክል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በ13 እርምጃ ይሮጥ ነበር። ሌሎቹ ሲደክማቸው እርምጃቸው አጥሮ ቁጥሩ ይጨምራል። እሱ 13ቱን ጠብቆ ይገባል። የ1980ውን ኦሊምፒክ አገሩ ባትቀርበት ኖሮ ከ1976ና ከ1984 ወርቆቹ መካከል ሦስተኛ እንደሚያገኝ አልጠራጠርም።

በግሪኮ ሮማን ትግል ሩሲያዊው አሌክሳንደር ካሬሊን ለ13 ዓመት በዓለም አቀፍ ውድድር አልተሸነፈም። ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅና ዘጠኝ የዓለም ሻምፒዮና አለው። መሬት ላይ የተኛ ከ100 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሰው ከወገቡ ይዞ፣ አንስቶ ከኋላው ይጥለው ነበር። በዚያ ክብደት ይህን ማድረግ የሚችል ሰው አልነበረም። ተጋጣሚዎቹ ገና ሲያስቡት ያልባቸው ነበር። በሲድኒ 2000 ፍጻሜ አሜሪካዊው ሩሎን ጋርድነር 1 ለ 0 ሲያሸንፈው ዓለም ማመን አቃተው። ያ መደንገጥ ራሱ የካሬሊንን መጠን ይናገራል።

ጃፓናዊው የጁዶ ሰው ያሱሂሮ ያማሺታም 203 ግጥሚያ በተከታታይ አሸንፎ፣ ሳይሸነፍ በ1985 አቁሟል።

ሄዘር ማኬይን የማያውቃት ሰው ለምን በዛ?

የእሷ ስፖርት ስኳሽ (በግድግዳ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ኳስ በራኬት እየተመታ የሚጫወቱት) ኦሊምፒክ ላይ ስላልነበረ፣ ቴሌቪዥንም ስላላሳየው ይመስለኛል። ሴት መሆኗም ጨምሯል ብዬ አምናለሁ። ያም ሆነ ይህ ጉዳዩ ያንገበግበኛል።

አውስትራሊያዊቷ ማኬይ በዘመኗ ትልቁ ውድድር የነበረውን ብሪቲሽ ኦፕን ከ1962 እስከ 1977 በተከታታይ 16 ጊዜ አሸነፈች። በጠቅላላ የስኳሽ ሕይወቷ የተሸነፈችው ሁለት ጨዋታ ብቻ ነው። አንዱ በ1960፣ ሌላው በ1962። ከዚያ በኋላ እስክታቆም ድረስ ለ18 ዓመት ያህል ያሸነፋት አልተገኘም። እስቲ ይህን በሌላ ስፖርት አስቡት። በ1962 የተወለደች ሕፃን አድጋ፣ ስኳሽ ተምራ፣ ራሷ ልትገጥማት የምትችልበት ዕድሜ ላይ ስትደርስ ማኬይ ገና አልተሸነፈችም።

በወንዶቹ ስኳሽ ፓኪስታናዊው ጃሃንጊር ካን ከ1981 ጀምሮ ለአምስት ዓመት ያህል አልተሸነፈም። ያቆመው ሮስ ኖርማን ነው፤ በ1986 ቱሉዝ ላይ፣ በዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ። ጃሃንጊርም ድንቅ ነው። አምስት ዓመት ግን 18 አይደለም።

ጥቂት ሰው በሚጫወተው ስፖርት የበላይ መሆን ይቀል የለም?

ሊቀል ይችላል። ይህን መካድ አያስፈልግም። መቶ ሚሊዮኖች በሚጫወቱት ስፖርት ውስጥ ከሁለተኛው መራቅ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ሁለተኛውም ከሚሊዮኖች መካከል ተጣርቶ የወጣ ነው። የማኬይና የቨርጊር ተፎካካሪዎች ብዛት ከእግር ኳስ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ነገር ግን ይህ ክርክር ከልክ አልፎ ሲጎተት አልወደውም። ጥቂት ሰው የሚጫወተው ስፖርት ሁሉ 16 ጊዜ በተከታታይ የሚያሸንፍ ሰው አያወጣም። ብዙዎቹ ትናንሽ ስፖርቶች ሻምፒዮናቸው በየዓመቱ ይቀያየራል። የተፎካካሪ ማነስ በሩን ይከፍት ይሆናል። በዚያ በር ገብቶ ለ18 ዓመት ንቅንቅ አለማለት ግን የሰውየው ወይም የሴትየዋ ሥራ ነው።

በአንድ ቀን ተአምር የሠራስ? ቦብ ቢመን ለምሳሌ?

ቢመን በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ 8.90 ሜትር ዘሎ የዓለምን ሪከርድ በ55 ሴንቲ ሜትር አሻሻለ። እስከ 1991 ድረስ፣ ማይክ ፓወል 8.95 እስኪዘል፣ የዓለም ሪከርድ ሆኖ ቆየ። በስፖርት ታሪክ ከታዩት ቅጽበቶች ሁሉ ትልቁ ነው ብትሉኝ አልከራከርም። የበላይነት ግን አይደለም። ቢመን ራሱ ወደዚያ ርቀት ተመልሶ አልቀረበም።

ሜዳሊያ ቆጥሮ ፌልፕስ ነው ማለት አይበቃም?

ማይክል ፌልፕስ 28 የኦሊምፒክ ሜዳሊያ አለው፤ 23ቱ ወርቅ ናቸው። በቤይጂንግ 2008 ብቻ 8 ወርቅ ወስዷል። ይህን ማቃለል አልችልም። ግን ዋና ለአንድ ሰው ብዙ ዕድል የሚሰጥ ስፖርት ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ በተለያየ ርቀት፣ በተለያየ የአዋዋን ዘዴ፣ በዱላ ቅብብልም ጭምር መወዳደር ይቻላል። ምርኩዝ ዘላይ በአራት ዓመት አንድ ወርቅ ነው የሚጠብቀው። ታጋይም እንደዚያው።

ሰርጌይ ቡብካን ተመልከቱ። የምርኩዝ ዝላይን ሪከርድ ከቤት ውጪና ቤት ውስጥ ተደምሮ 35 ጊዜ አሻሽሏል። ከ1983 እስከ 1997 ስድስት የዓለም ሻምፒዮና በተከታታይ ወስዷል። የኦሊምፒክ ወርቁ ግን አንድ ብቻ ነው። በ1992 አንድም ከፍታ ሳያልፍ ወጣ። በሜዳሊያ ቆጠራ ቡብካ ተራ ሰው ይሆናል። ስፖርቱን የሚያውቅ ሰው ግን ይህን አይቀበልም።

በዋና ውስጥ ርቀት ከፈለጋችሁ እኔ ከፌልፕስ ይልቅ ኬቲ ሌዴኪን እጠራለሁ። በሪዮ 2016 የ800 ሜትር ፍጻሜ ሁለተኛዋን ከ11 ሰከንድ በላይ ቀደመች። ሰዓት በመቶኛ ሰከንድ በሚለካበት ስፖርት! ይህንኑ ውድድር ከ2012 እስከ 2024 በአራት ኦሊምፒክ በተከታታይ አሸንፋለች።

በረጅም ርቀት ሩጫ ኃይሌ ወይስ ቀነኒሳ?

ይህ የብዙ ሰው የልብ ጉዳይ ስለሆነ በጥንቃቄ ልመልስ።

በርቀት ከሆነ ቀነኒሳ በቀለ ነው። ከ2002 እስከ 2006 በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና አጭሩንም ረጅሙንም ውድድር አምስት ዓመት በተከታታይ አሸነፈ። ሁለቱ ውድድሮች ያኔ የሚካሄዱት በተከታታይ ቀናት ነበር። ዛሬ አሸንፎ፣ ነገ ትኩስ እግር ይዘው ከሚጠብቁት ጋር ደግሞ ይገጥም ነበር። በ2008 አንድ ጨመረና 11 አደረሰው። በመም ላይ የ5,000 ሜትር 12:37.35 ከ2004 እስከ 2020፣ የ10,000 ሜትር 26:17.53 ደግሞ ከ2005 እስከ 2020 ሳይሰበሩ ቆይተዋል። በ10,000 ሜትር በ2011 ዴጉ ላይ አቋርጦ እስኪወጣ ድረስ ለስምንት ዓመት ያህል ያሸነፈው አልነበረም።

ኃይሌ ገብረሥላሴ ግን ሌላ ዓይነት የበላይነት ያስተምረናል። ሲድኒ 2000 ላይ በ10,000 ሜትር ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው። በርቀት ካየነው ምንም ማለት አይደለም። ነገር ግን ቴርጋት በአትላንታ 1996ም ሁለተኛ ነበር። በ1997ም፣ በ1999ም በዓለም ሻምፒዮና ሁለተኛ ነበር። እሱም ተራ ሰው አልነበረም፤ የዓለም አገር አቋራጭን አምስት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ ነው። ያ ታላቅ ሰው ሁሌ አንገት ለአንገት ይመጣል፣ መስመሩን ቀድሞ የሚያልፈው ግን ሁሌ ኃይሌ ነው። ልዩነቱ ጠባብ ሆኖ አቅጣጫው የማይቀየር ከሆነ ያም የበላይነት ነው። ምናልባትም ለልብ የሚከብደው ዓይነት።

ስለዚህ መልሴ ቀነኒሳ ነው፤ የኃይሌን ሁለተኛ ሰው ግን ማንም እንዳይረሳው እለምናለሁ።

በአንድ ነገር መግነን ይሻላል ወይስ በሁሉም?

የቴኒሱ ራፋኤል ናዳል በፈረንሳይ ኦፕን 112 ጨዋታ አሸንፎ የተሸነፈው 4 ጊዜ ብቻ ነው። ዋንጫው 14። በአንድ ሜዳ፣ በቀይ አፈር ላይ፣ እንዲህ የነገሠ ሰው አላውቅም። ከቀይ አፈሩ ስንወጣ ግን ሁለተኛው ሰው ከናዳል ጎን ይቆማል፤ አንዳንዴም ይቀድመዋል። በግራንድ ስላም ብዛት ጆኮቪች 24፣ ናዳል 22፣ ፌደረር 20 ነው። ሦስቱ እርስ በርስ ስለተያያዙ አንዳቸውም ቴኒስን ብቻቸውን አልገዙትም።

በሌላ ጫፍ ቤልጂየማዊው ብስክሌተኛ ኤዲ መርክስ አለ። በ1969 ቱር ደ ፍራንስን ከ17 ደቂቃ በላይ ቀድሞ አሸነፈ። በዚያው ውድድር የነጥብና የተራራ ውድድሩንም አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። በስፕሪንት የሚያሸንፍና በተራራ የሚያሸንፍ ብዙውን ጊዜ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። መርክስ ሁሉንም ለብቻው ጠቀለለው። እንዲህ ያለ ስፋት ዛሬ ይደገማል ብዬ አላስብም።

በእግር ኳስ ለምን አንድ ስም አይጠራም?

የሚለካው ነገር ስለሚያታግል ነው። ጎል ጥቂት ነው፣ ተጫዋቹም ከ11 አንዱ ነው። ሜሲ በ2012 በአንድ ዓመት 91 ጎል አስቆጥሯል። ባሎንዶር 8 ጊዜ ወስዷል። ግን ከ2008 እስከ 2017 በነበሩት አሥር ዓመታት ሽልማቱን ከሮናልዶ ጋር አምስት አምስት ተካፍለውታል። ሁለተኛው እንዲህ ተጠግቶ ሳለ የበላይነት የሚለውን ቃል ለመጠቀም እቸገራለሁ። ሁለቱ አብረው ከሌላው ዓለም ርቀዋል ብል ግን ትክክል ነው።

ቅርጫት ኳስ ይህን ችግር በደንብ ያሳያል። ዊልት ቻምበርሊን በ1961/62 የውድድር ዘመን በአማካይ 50.4 ነጥብ አስቆጠረ። በመጋቢት 1962 በአንድ ጨዋታ 100 ነጥብ አስገባ። የሚደንቀው ደግሞ በጨዋታ በአማካይ 48.5 ደቂቃ መጫወቱ ነው። ጨዋታው 48 ደቂቃ ነው! ጭማሪ ሰዓት ተደምሮ ከሜዳ አልወጣም ማለት ይቻላል። ሆኖም በዚያው ዓመት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ኮከብ ብለው የመረጡት ቢል ራስልን ነው። ዋንጫውንም የራስል ቡድን ወሰደ። ራስል በ13 ዓመት 11 ዋንጫ አለው። ቁጥሩ የዊልት ነው፣ ድሉ የራስል። እኔ በቡድን ስፖርት ራስልን አስቀድማለሁ፤ ጨዋታው የሚጫወተው ለማሸነፍ ነውና።

በአንድ ሰው ምክንያት ሕግ ተቀይሮ ያውቃል?

አዎ፣ ለእኔም ይህ ከዋንጫ የበለጠ ማስረጃ ነው። በ1964 የአሜሪካው ቅርጫት ኳስ ሊግ ከቀለበቱ ሥር ያለውን ክልል ከ12 ወደ 16 ጫማ ያሰፋው በቻምበርሊን ምክንያት ነው። ቆይቶ ካሪም አብዱል ጀባር የተባለው ተጫዋች ገና ተማሪ ሳለ፣ በ1967 በዩኒቨርሲቲ ውድድር ዳንክ፣ ማለትም ዘሎ ኳሱን ከላይ ወደ ቀለበቱ መክተት፣ ተከለከለ። እስከ 1976 አልተፈቀደም። ካሪም ግን ተከልክሎም ማሸነፉን አላቆመም።

በብራድማን ላይ የተደረገው ከሁሉ ይብሳል። በ1932/33 እንግሊዞች እሱን ለማቆም ብለው ኳሱን ወደ መቺው አካል የመወርወር ስልት ይዘው መጡ። ሰው ተጎዳ፣ በሁለቱ አገሮች መካከልም ቅሬታ ተፈጠረ። ቆይቶ ስልቱን የሚገታ ሕግ ወጣ። በዚያ ተከታታይ ውድድር የብራድማን አማካይ ወደ 56.57 ወረደ። አስቡት። ለእሱ ብቻ በተዘጋጀ ወጥመድ ውስጥ ሆኖ ያመጣው ውጤት፣ ለሌላ ሰው የታላቅነት ማዕረግ ነው።

የድሮውን ከዘንድሮው ማወዳደር ፍትሐዊ ነው?

ሰዓትና ሜትር ማወዳደር ፍትሐዊ አይደለም። መሙ፣ ጫማው፣ ሥልጠናው፣ ምግቡ ሁሉ ተለውጧል። ርቀትን ማወዳደር ግን ይቻላል፤ ሁሉም የሚለካው ከራሱ ዘመን ሰዎች ጋር ስለሆነ።

አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት። ስፖርት ሲያድግ በአንደኛውና በአሥረኛው መካከል ያለው ርቀት ይጠባል። ሁሉም ተመሳሳይ ሥልጠና ያገኛል፣ የሁሉም ስህተት በቪዲዮ ይጠናል። በ1920 ቤብ ሩት በቤዝቦል 54 ሆምራን (ብዙውን ጊዜ ኳሱን ከሜዳ ውጪ የሚያወጣ ምት) መታ። በአሜሪካን ሊግ ከራሱ ቡድን በቀር እሱ ብቻውን የመታውን ያህል የመታ ሙሉ ቡድን አልነበረም። ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር አይታሰብም። ስለዚህ ዛሬ ርቆ የሚታይ ሰው ካለ፣ ትንሽ ተጨማሪ ክብር እሰጠዋለሁ። ሲሞን ባይልስ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። በሪዮ 2016 የጠቅላላ ውድድሩን በ2.1 ነጥብ ልዩነት አሸነፈች፤ በጂምናስቲክ ይህ ገደል ነው። ቶኪዮ ላይ አየር ላይ አቅጣጫ ስለጠፋባት ከአብዛኛው ውድድር ወጣች። በፓሪስ 2024 ተመልሳ ያንኑ ወርቅ ወሰደች።

አበረታች መድኃኒት የወሰደ ሰው ይቆጠራል?

እኔ ጋር አይቆጠርም። ላንስ አርምስትሮንግ ከ1999 እስከ 2005 ያሸነፋቸው ሰባት ቱር ደ ፍራንሶች በ2012 ተሰርዘዋል። "ሌሎቹም ይወስዱ ነበር" የሚለው መከራከሪያ አያሳምነኝም። ሳይወስድ ወደ ኋላ የቀረውን ሰው ስሙን እንኳ አናውቀውም።

እሺ፣ አንድ ስም ብቻ ጥራ ብትባል?

ብራድማን። ረጅም ጊዜ ማኬይንና እሱን ሳመዛዝን ቆይቻለሁ። ማኬይ በዘመን ርዝመት ትበልጣለች። ብራድማን ግን ሦስቱንም ያሟላል። ርቀቱ ከሁሉም የሰፋ ነው። ጊዜው 20 ዓመት ነው። ከኋላው የነበሩት ደግሞ በስፖርቱ ታሪክ ከታላላቆቹ የሚቆጠሩ ናቸው። ሦስተኛ ግሬትስኪን፣ አራተኛ ቨርጊርን አስቀምጣለሁ። ከዚያ በታች ያለው ቅደም ተከተል በየወሩ ይቀያየርብኛል።

አሁን ከሚወዳደሩት ማንን ልከታተል?

አርማንድ ዱፕላንቲስን። ስዊድናዊው ምርኩዝ ዘላይ በየካቲት 2020 6.17 ሜትር ዘሎ የዓለምን ሪከርድ ያዘ። ከዚያ በኋላ የሚሰብረው የራሱን ሪከርድ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜም የሚጨምረው አንድ ሴንቲ ሜትር ነው። በመስከረም 2025 በቶኪዮው የዓለም ሻምፒዮና 6.30 ሲያልፍ 14ኛ ሪከርዱ ነበር።

ስታዩት ግን ዓይናችሁን እሱ ላይ ብቻ አትትከሉ። ሁለተኛ የሚወጣው ሰው ስንት ላይ እንደቆመ ተመልከቱ። በፓሪስ 2024 እሱ 6.25 ሲዘል ሳም ኬንድሪክስ 5.95 ላይ ቆመ። በቶኪዮ እሱ 6.30 ሲዘል ኢማኑዊል ካራሊስ 6.00 ላይ ቆመ። ሁለቱም ጊዜ 30 ሴንቲ ሜትር። ሌሎቹ ጨርሰው ምርኩዛቸውን ሲያስቀምጡ፣ እሱ ገና አግዳሚውን ከፍ አድርጉልኝ ይላል። ያኔ የተሸነፉት ራሳቸው ከመሙ ዳር ተሰብስበው ያጨበጭቡለታል።